ለመክሰስ የቱ ይሻላል? ኦቾሎኒ፣ ቆሎ፣ አልመንድ ወይስ ንፍሮ፦ ክብደታቸውን ለሚጠብቁ ሰዎች የቀረበ ንጽጽር

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ምሳ ከተበላ ሦስት አራት ሰዓት አልፏል፤ እራት ግን ገና ነው። ቢሮ የሚውል ሰው ወደ ሻይ ቤት ብቅ የሚለው፣ ቤት ያለውም ጓዳ የሚገባው በዚህ ሰዓት ሲሆን፣ እጁ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በቦምቦሊኖ፣ በሳምቡሳ ወይም በብስኩት ላይ ነው። ክብደቱን ለመቀነስ የቆረጠ ሰው ታዲያ ሁለት የሚጋጩ ምክሮች ይደርሱታል። አንዱ «ብስኩቱን ትተህ ኦቾሎኒ ብላ፤ ያጠግብሃል» ይለዋል፤ ሌላው «ኦቾሎኒ እኮ ግማሹ ቅባት ነው፤ ያወፍርሃል» እያለ ያስጠነቅቀዋል። የሚያስቸግረው ሁለቱም በከፊል ትክክል መሆናቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ምክሮች መካከል ለቆመ ሰው የተዘጋጀ ነው። የሚያወዳድረው በገበያና በሱቅ የምናገኛቸውን ነው፦ ኦቾሎኒ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ እንዲሁም ከውጭ የሚገቡትን አልመንድ፣ ካሽው፣ ዋልነትና ፒስታቺዮ። ቆሎና ንፍሮ ከእነ አልመንድ ጋር አንድ ወገን እንዳልሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ መክሰስ የሚፈልግ ሰው በተግባር የሚያማርጠው ከእነዚህ ሁሉ መካከል በመሆኑ፣ እነርሱን የዘለለ ንጽጽር ለአገራችን አንባቢ ብዙም አይጠቅምም።

በቅድሚያ ስለ ስም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ገበያ «ለውዝ» እና «ኦቾሎኒ» ሲባል የሚሰጠን አንድ ዓይነት እህል ነው፤ ከአፈር ውስጥ የሚቆፈር፣ በዘሩም ከባቄላና ከሽምብራ ጋር የሚመደብ ጥራጥሬ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን የአሮን በትር አፈራች የተባለው ለውዝ በዛፍ የሚበቅለው፣ ዛሬ በሱፐርማርኬት «አልመንድ» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ስለዚህ ግራ እንዳያጋባ፣ ከዚህ በኋላ የአፈሩን ኦቾሎኒ፣ የዛፉን አልመንድ እላለሁ።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ጥጋብ ነው፤ ይኸውም የተበላው ነገር እስከ እራት የሚያቆይ ፕሮቲንና በትምህርት ቤት «አሰር» እያልን የተማርነው ፋይበር ምን ያህል አለው የሚለው ነው። ሁለተኛው በተመሳሳይ ክብደት ውስጥ ያለው የካሎሪ መጠን ነው። ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠውና ሰዎች የማያስቡት፣ ምግቡ ምን ያህል ያዘገያል የሚለው ነው፤ የሚፈለፈል፣ የሚታኘክ፣ ጥርስን የሚያሠራ ነገር እጃችንን ይይዘዋል፣ በማንኪያ የሚዛቅ ነገር ግን አይይዘውም። አራተኛው ምን ተጨምሮበታል፣ ማለትም ጨው፣ ስኳርና ዘይት አለው ወይ የሚለው ነው። ቀጥሎ ንጽሕናውና የሻጋታ ስጋቱ፣ በመጨረሻም ዋጋው ይመጣል።

መጠኑን በተመለከተ በዓለም ዙሪያ ጥናት ሲደረግ የሚታሰበው የአንድ ጊዜ ድርሻ ከ28 እስከ 30 ግራም ነው። ይህን ብዙዎች «አንድ እፍኝ» ብለው ይተረጉሙታል። በእኛ ዘንድ እፍኝ ሲባል ሁለት መዳፍ ተገጥሞ የሚታፈስ ስለሆነ፣ ትርጉሙ ሳይታወቅ ድርሻውን በእጥፍና ከዚያም በላይ ያሳድገዋል። የተሻለው መለኪያ የቡና ሲኒ ነው፤ ጥቂት ጎደል ብሎ በኦቾሎኒ ሲሞላ 30 ግራም ገደማ ይይዛል። ሲኒ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ግን አንድ ጊዜ በኩሽና ሚዛን አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ ሲኒ መለኪያ አድርጎ መያዝ ይበቃል።

ቅባታም ሆነው ለምን አያወፍሩም ይባላል?

ኦቾሎኒም ሆነ አልመንድ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ በ100 ግራም ውስጥም ከ550 እስከ 600 ካሎሪ ይገኛል። በቁጥር ብቻ ከታየ ሁለተኛው መካሪ አሸናፊ ይመስላል። ነገር ግን ተበልቶ የሚያልፈውና ወደ ሰውነት የሚገባው እኩል አይደለም። የቅባቱ ጠብታዎች በእህሉ ጠንካራ የሴል ግድግዳ ውስጥ ተዘግተው የሚገኙ ሲሆን፣ ጥርስ ያልሰበረውን ግድግዳ የአንጀት ፈሳሽም በቀላሉ አይሰብረውም፤ ስለዚህ የቅባቱ አንድ ክፍል ሳይፈጭ ይወጣል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት 28 ግራም አልመንድ በማሸጊያው ላይ እንደሚጻፈው 170 ሳይሆን 129 ካሎሪ ገደማ ብቻ እንደሚሰጥ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዋልነትን በለኩ ጊዜም 185 ይባል የነበረው 146 ሆኖ ተገኘ። የፒስታቺዮ ልዩነት ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻው እነዚሁ ተመራማሪዎች አልመንዱን በተለያየ መልክ ሲያቀርቡት የሆነው ነው። ጥሬው ፍሬ እንዳለ ሲበላ ብዙ ካሎሪ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ሲቆላና ሲከተፍ ልዩነቱ ይጠባል፤ ተፈጭቶ ቅቤ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ወፍጮው ጥርስ ያቃተውን ግድግዳ ሁሉ ሰብሮታልና። አልመንድን አሥር ጊዜና አርባ ጊዜ አኝኮ በመብላት መካከል ያለውን ልዩነት የለካና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ብዙ ያኘኩት ረሃባቸው የበለጠ ጋብ ብሎላቸዋል፣ ነገር ግን ወደ ሰውነታቸው የገባው ቅባትም ጨምሯል። ቢሆንም ቀስ ብሎ ማኘክ ይመረጣል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ከጥቂት ካሎሪ ይልቅ የሚያሳስበው ሁለተኛው ሲኒ ነው።

ሌላው ምክንያት መተካካት ነው። ኦቾሎኒ ወይም አልመንድ ለመክሰስ የሚበሉ ሰዎች ሳያስቡት ከሚቀጥለው ምግብ የመቀነስ ዝንባሌ እንዳላቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። በስፔን 7,447 ሰዎችን ለዓመታት በተከታተለው ሰፊ ጥናት በየቀኑ 30 ግራም ዋልነት፣ አልመንድና ሀዘልነት ተደባልቆ የተሰጣቸው ተሳታፊዎች ካሎሪ እንዲቀንሱ ባይነገራቸውም ክብደታቸው አልጨመረም። ይሁን እንጂ ጎላ ብሎ የሚታይ መቀነስም አላሳዩም። ስለዚህ ከእነዚህ ፍሬዎች መካከል አንዱም «ማክሻ» ተብሎ ሊሸጥ አይገባውም፤ ጠቀሜታቸው የሚገኘው በቦምቦሊኖው ቦታ ሲገቡ እንጂ ከቦምቦሊኖው ቀጥለው ሲበሉ አይደለም። የሚከተለውን ንጽጽርም በዚህ ዓይን ማንበብ ያሻል።

ኦቾሎኒ

የአገራችን ኦቾሎኒ በብዛት የሚመጣው ከምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይም ከባቢሌ፣ ከፈዲስና ከጉርሱም፣ እንዲሁም ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በፕሮቲን ረገድ በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት በዛፍ የሚያፈሩ ፍሬዎች ሁሉ ይበልጣል፤ 30 ግራሙ 7 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው፣ ይህም ከአንድ እንቁላል አያንስም። ዋጋውም ከውጭ ከሚገቡት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ «አልመንድ መግዛት ስለማልችል ጤናማ መክሰስ አይደርሰኝም» የሚል ሰው ካለ ቅሬታው መሠረት የለውም፤ ለጥጋብና ለክብደት ሲባል ኦቾሎኒ ከአልመንድ የሚያንሰው በጥቂት ፋይበር ብቻ ነው።

የኦቾሎኒ ዕዳው የሚጀምረው ሲዘጋጅ ነው። በገበያ ላይ ቢያንስ አራት መልክ አለው፦ ከነቅርፊቱ፣ ተፈልፍሎ በደረቁ የተቆላ፣ በዘይት ተጠብሶ ጨው የተነሰነሰበት፣ እንዲሁም ስኳር የተለበጠ። የመጨረሻው በትንሽ ፌስታል ታስሮ በየመንገዱ የሚሸጠው ሲሆን፣ ስሙ ኦቾሎኒ ቢሆንም ከከረሜላ ጋር ቢመደብ ይቀላል፤ ለዚህ ዓላማ ፈጽሞ አይመረጥም። በጨው የተጠበሰውም ቢሆን ሁለት ጉዳት አለው። ጨው ራሱ ደም ግፊት ላለበት ሰው ጠንቅ ነው፤ በተጨማሪም ጨዋማ ነገር ሲጀመር ማቆም ይከብዳል። መጠጥ ቤቶች ከቢራ ጋር ጨው የበዛበትን ኦቾሎኒ በነጻ የሚያቀርቡት ለደንበኛው ረሃብ አዝነው አይመስለኝም።

ከአራቱ መካከል ብዙ ሰው «ያደክማል» ብሎ የሚተወው ከነቅርፊቱ ያለው ነው፤ እኔ ግን የማስቀድመው እርሱን ነው። በአሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከነቅርፊቱ ፒስታቺዮ የቀረበላቸው ሰዎች በአማካይ 125 ካሎሪ ሲበሉ፣ ተፈልፍሎ የቀረበላቸው 211 ካሎሪ እንደበሉ፣ በጥጋብ ስሜት ግን ሁለቱ ወገኖች እንዳልተለያዩ አሳይቷል። ጥናቱ በፒስታቺዮ ላይ የተደረገ ቢሆንም ነገሩ ለማንም ግልጽ ነው፦ የሚፈለፈል ነገር እጅን ያዘገያል፤ ፊት ለፊት የሚከመረው ቅርፊትም ምን ያህል እንደተበላ ይመሰክራል። ከክብደቱ ሩብ የሚሆነው ቅርፊት ስለሆነ፣ 40 ግራም ከነቅርፊቱ መመዘን 30 ግራም ፍሬ ያስገኛል።

ሻጋታ ደግሞ ኦቾሎኒን የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። እርጥበት ባለበት የደረቀ ወይም የተከማቸ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል። መርዙ በረጅም ጊዜ የጉበት ካንሰርን እንደሚያስከትል የታወቀ ሲሆን፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒ ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም ተገኝቷል። መቁላት መጠኑን ሊቀንሰው ቢችልም ጨርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ ከመቁላት በፊት ለቀማው አይታለፍ፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ያለበት፣ የተነቀዘና የተሰባበረ ፍሬ ተለቅሞ ይጣል። ቀምሰነው የሚመር ካጋጠመን መትፋት እንጂ «እንዳይባክን» ብሎ መዋጥ ቁጠባ አይደለም። ጥሬውን ከነቅርፊቱ ገዝቶ ቤት ውስጥ መቁላት ፍሬውን በዓይን ለማየት ዕድል የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከነቅርፊቱ ያለውን ያስቀደምኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

የኦቾሎኒ ቅቤ

ተፈጭቶ የላመ ስለሆነ ከላይ የተባለውን የሴል ግድግዳ ጥቅም አጥቷል፤ አይታኘክም፣ አያዘገይም፣ ብቻውንም ስለማይበላ ዳቦ ይጠራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ 190 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ዳቦው ሲጨመር መክሰሱ ወደ ምሳነት ይጠጋል። ክብደት ለመጨመር ለሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ ከሕመም ለሚያገግም፣ ይህ ድክመት ሳይሆን ብልጫ ነው። ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ከተጠቀመበት ግን ስኳርና ሌላ ዘይት ያልተጨመረበትን መርጦ፣ በዳቦ ፈንታ በሙዝ ወይም በፖም ላይ በስሱ ቢቀባው ይሻላል።

ቆሎ

ስለ ቆሎ ሲነገር ሁለት ስሕተት ይሰማል። አንደኛው «እህል ስለሆነ ያወፍራል» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቆሎ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። የገብስ ቆሎ በ30 ግራም 110 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከኦቾሎኒ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ በፋይበር ደግሞ ይበልጠዋል። ፕሮቲኑ ግን ግማሽ ያህል ነው። የሽምብራ ቆሎ ሁለቱን ያስታርቃል፦ ካሎሪው ለገብስ፣ ፕሮቲኑ ለኦቾሎኒ የቀረበ ነው። በኪስ ከሚያዙት ደረቅ መክሰሶች አንድ ብቻ እንድመርጥ ብገደድ፣ በዋጋም በጥጋብም በካሎሪም አይቼ ደረቅ የሽምብራ ቆሎን እመርጥ ነበር። ሆድ መንፋቱ የማይካድ ሲሆን፣ ጥርሱ ለታመመም አይመከርም።

የቤታችን ቆሎ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ሱፉና ኦቾሎኒው በአንድነት ይቆላሉ። ድብልቁ ለጥጋብ ጥሩ ነው፤ የገብሱ ፋይበር፣ የሽምብራው ፕሮቲንና የኦቾሎኒው ቅባት ይደጋገፋሉ። ችግሩ ኦቾሎኒው እየተመረጠ መበላቱ ነው፤ ከሳህኑ ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው ምን እንደሆነ ያስተዋለ ሰው ይስቃል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ቆሎ ሲያብለጨልጭ ደግሞ ዘይት እንደነካው ማወቅ ይገባል። ዳቦ ቆሎ በስሙ ቢጠጋም ከዚህ ወገን አይደለም፤ ከዱቄትና ከዘይት የሚሠራ ነውና ከብስኩት ጋር ይቆጠር።

ሌላው የቆሎ ፈተና ቡና ላይ ነው። ለቡና ቁርስ በጋራ ሳህን የቀረበ ቆሎ መጠን የለውም፤ ሦስቱም ስኒ እስኪጠጣ ጨዋታው ይደምቃል፣ እጅም ይመላለሳል፤ የቤቱ እመቤትም «ዝገኑ እንጂ!» ማለቷን አትተውም። እምቢ ማለት ነውር በሆነበት ቦታ የሚያዋጣው አንዴ ዘግኖ በራስ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጎ ከዚያ መብላት ነው። አክባሪም ያደርጋል፣ ልክንም ያሳውቃል።

ንፍሮ

ንፍሮ ከለቅሶ ቤት ጋር ስለተያያዘ፣ በጸሎተ ሐሙስም ጉልባን ሆኖ በዓመት አንዴ ስለሚታወስ፣ በአዘቦት ቀን ለመክሰስ የሚያስበው የከተማ ሰው ጥቂት ነው። በመመዘኛችን ግን አንደኛ የሚወጣው እርሱ ነው። ምክንያቱ ውኃ ነው፤ የተቀቀለ ሽምብራ በ100 ግራም 165 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው፣ 30 ግራም ኦቾሎኒ ደግሞ 175 ነው። በሌላ አነጋገር በአንድ ሲኒ ኦቾሎኒ ካሎሪ ከዚያ ከሦስት እጥፍ የበለጠ ክብደት ያለው ንፍሮ ይበላል፤ 9 ግራም ፕሮቲንና ከ7 ግራም በላይ ፋይበርም ይገኝበታል። ሆድ በካሎሪ ብቻ ሳይሆን በመጠንም ይጠግባል።

ጉድለቱ ሥራ ነው። ማታ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት መቀቀል ይጠይቃል፤ በሙቀትም ቶሎ ስለሚበላሽ እንደ ቆሎ በኪስ ተይዞ አይከርምም። ለቢሮ ሰው ክዳን ባለው ዕቃ ይዞ በዕለቱ መጨረስ ግድ ነው። ጥርሳቸው ለደከመ አዛውንቶች ግን ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ከውጭ የሚገቡት

አልመንድ በፋይበር ከሁሉም ፍሬዎች ይልቃል፤ ጠንካራ ስለሆነ ያዘገያል፤ ጥሬውን መብላትም ይቻላል። አቅሙ ላለው ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ፒስታቺዮ ከነቅርፊቱ ስለሚሸጥ ከላይ የተባለውን የማዝገም ጥቅም ይሰጣል። ዋልነት በካሎሪ ከፍ ያለ ሆኖ ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ 3 በብዛት የሚገኝበት በመሆኑ ይመረጣል፤ ለጥጋብ ብቻ ግን ልዩ ብልጫ የለውም። ካሽው ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ፋይበሩ ትንሽ ስለሆነና ሳይታኘክ የሚያልቅ ስለሚመስል፣ ለክብደት ጠባቂ ከአራቱ የመጨረሻው ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ስሌቱ ይገለበጣል። በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች አልመንድና ፒስታቺዮ በየሱቁ በሽበሽ ሲሆኑ፣ ቆሎ ግን በሐበሻ ሱቅ በትንሽ ከረጢት የሚገኝ ውድ ነገር ይሆናል። በእስራኤል ያሉ ደግሞ ከነቅርፊቱ እየተፈለቀቀ የሚበላውን የሱፍ አበባ ፍሬ፣ እነርሱ «ጋርዒኒም» የሚሉትን፣ ለምደውታል፤ በአዝጋሚነቱ የሚስተካከለው የለም፣ ጨው የበዛበት ካልሆነ በቀር።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

ቁጥሮቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ከንፍሮው በስተቀር ሁሉም የ30 ግራም ናቸው፤ ካሎሪውም በምግብ ሠንጠረዥ የሚገኘው እንጂ ከላይ የተነገረው ቅናሽ የተደረገበት አይደለም።

| መክሰስ | ካሎሪ | ፕሮቲን (ግራም) | ፋይበር (ግራም) | ያዘገያል? | ዋጋ በአገር ቤት |
|---|---|---|---|---|---|
| ኦቾሎኒ፣ በደረቁ የተቆላ | 175 | 7 | 2.5 | ከነቅርፊቱ ከሆነ በጣም | ዝቅተኛ |
| የኦቾሎኒ ቅቤ | 180 | 7 | 2 | አያዘገይም | መካከለኛ |
| የገብስ ቆሎ | 110 | 3.5 | 5 | አዎ | ዝቅተኛ |
| የሽምብራ ቆሎ | 115 | 6 | 3.5 | በጣም | ዝቅተኛ |
| የሽምብራ ንፍሮ (100 ግራም) | 165 | 9 | 7.5 | በመጠን ያጠግባል | ከሁሉም ዝቅተኛ |
| አልመንድ | 175 | 6 | 4 | አዎ | ከፍተኛ |
| ፒስታቺዮ | 170 | 6 | 3 | ከነቅርፊቱ በጣም | ከፍተኛ |
| ዋልነት | 195 | 4.5 | 2 | በመጠኑ | ከፍተኛ |
| ካሽው | 170 | 5 | 1 | ብዙም አይደለም | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

በጀታቸው ጠባብ ለሆነ ሰዎች ምርጫው የሽምብራ ቆሎና ኦቾሎኒ ነው፤ አንድ ቀን አንዱን፣ በማግሥቱ ሌላውን። አንድ ኪሎ ኦቾሎኒ 33 የመክሰስ ድርሻ ስለሚወጣው ለአንድ ሰው ከወር በላይ ይበቃል፤ ዋጋውን ለ33 አካፍሎ ከአንድ ቦምቦሊኖ ጋር ማወዳደር ነው።

ሥራ ቦታ ተቀምጠው ለሚውሉ ዋናው ነገር ከረጢቱ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የአንድ ኪሎ ከረጢት በሦስተኛው ቀን ባዶውን እንደሚገኝ ከራሴ መሳቢያ አውቃለሁ፤ ሥራ ሲበዛ እጅ ከዓይን ይፈጥናል። እሑድ ማታ አምስት ትንንሽ ድርሻ ለይቶ በየቀኑ አንዱን ብቻ ይዞ መውጣት ከማንኛውም ጽናት ይበልጣል።

ለጿሚዎች ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለማይበሉ ኦቾሎኒና ሽምብራ ጎደሎውን ፕሮቲን ይሞላሉ። በሌላ በኩል እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የመጣ ሰው ገበታ እስኪቀርብ በኦቾሎኒ ከጀመረ ሲኒውን ሳይሆን ሳህኑን ይጨርሳል፤ ከዚያም በዘይት የተሠራው የጾም ወጥና እንጀራ ይከተላል። ብዙ ሰዎች በጾም ወራት ክብደት የሚጨምሩበት አንዱ መንገድ ይህ ይመስለኛል። በመጀመሪያ ምግቡን በልቶ፣ ፍሬውን ወደ ማታው ረሃብ ማሸጋገር ይሻላል።

የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ኦቾሎኒና የዛፍ ፍሬዎች ስታርቻቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ከብስኩትና ከዳቦ ይልቅ የደም ስኳርን ቀስ ብለው ይነካሉ፤ ቆሎና ንፍሮ ግን ስታርች ስላላቸው በልክ ይሁኑ፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አመጋገቡን ሲለውጥ ለሐኪሙ ይንገር። ደም ግፊት ያለበት ጨው አልባውን ብቻ ይምረጥ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስለሚበዛባቸው፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበትም አልመንድ ውስጥ ባለው ኦክሳሌት ምክንያት፣ ሳያማክር አይጀምር።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ ኦቾሎኒም ሆነ ቆሎ አይሰጥ፤ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ፊቱ የሚያብጥ፣ ሰውነቱ የሚያሳክክ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው፣ አዋቂም ይሁን ልጅ፣ አለርጂ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ «ትንሽ ትንሽ እየበላሁ እለምደዋለሁ» ማለት በዚህ ጉዳይ ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የተገዛው ሁሉ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ፣ በጥብቅ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። ቅባቱ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይሻግታል ማለት ባይሆንም ይኮመጥጣል፤ የድሮ ዘይት የሚሸት ኦቾሎኒ ጊዜው አልፎበታል። የተቆላው ከጥሬው ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ጥሬውን አከማችቶ የሳምንቱን ብቻ መቁላት ይመረጣል።